አስማተኛ ጋቢ ስንት ያወጣል?

ደሴ ላይ ለሮልፕሌይ ጌም ተጫዋቾች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ፣ አነጋገሩ ብዙም አልተነካም

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ እንኳን በሰላም መጣችሁ፣ ሀረጎ ላይ ጉም ነበር አሉ፣ ጉሙን ያዙልኝ ምክንያቱም ዛሬ እሱን ነው ዋጋ አውጥተን የምንሸጠው።

ርዕሱ አጭር ነው፣ መጽሐፍ ላይ የሌለ፣ ከራሳችሁ ጭንቅላት የወጣ አስማተኛ እቃ ስትሰሩ ምን ምን እንዲያደርግ ትወስናላችሁ፣ ከዛ ስንት ወርቅ ነው ብላችሁ ለተጫዋቹ ትሸጡለታላችሁ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኛ ጎትቶት የመጣ ካለ ባጭሩ ልንገረው፣ ጌሙ ጠረጴዛ ከበን የምንጫወተው ነው፣ አንዱ ዲኤም ይሆናል ማለት ታሪኩን የሚመራው ነው፣ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ካራክተር ይዘን እንገባለን፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ እንጥላለን። አስማት ሲባል ደንገጥ ያለ ካለ ደሞ አብሽሩ፣ እዚህ የሚደገም ነገር የለም፣ ወረቀትና እርሳስ ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው በሙሉ ክርክር ነው።

ይሄ የምንጫወተው ጌም፣ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው የሰሩት። በ1979 የወጣው የዲኤም መጽሐፍ ላይ ለአስማተኛ እቃዎች የወርቅ ዋጋ ተዘርዝሯል፣ ግን ዋጋው ከየት እንደመጣ አይነግርህም፣ ይሄ ይሄን ያወጣል በቃ። ስሌቱን ገሃድ አውጥቶ ራሳችሁ ስሩት ያለው 2000 ላይ የወጣው ሶስተኛው እትም ነው፣ ከዛ በ2003 የተስተካከለው 3.5 መጣ፣ በ2009 ደሞ ፓዝፋይንደር የሚባለው ተመሳሳይ ጌም ያንኑ ፎርሙላ ወስዶ ቀጠለ። ዛሬ የምንሰራው በዚህ ነው ምክንያቱም አንደኛ ህጉ በነጻ ኢንተርኔት ላይ አለ መጽሐፍ መግዛት አይጠበቅብህም፣ ሁለተኛ ደሞ ሲሳሳት የት ጋ እንደተሳሳተ ማየት ትችላለህ። አምስተኛውን እትም የምትጫወቱ አትኩረፉ እመለስበታለሁ።

ፎርሙላው ሁለት አይነት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ለሚጨምሩ እቃዎች ነው። ጎራዴ ላይ ቦነስ ማለትም ዳይሱ ላይ የሚደመር ቁጥር ስትጨምር ቦነሱን በራሱ ታባዛና በ2,000 ታበዛለህ። ባለ 1 ጎራዴ 2,000 ወርቅ፣ ባለ 2 ስምንት ሺህ፣ ባለ 3 አስራ ስምንት ሺህ፣ ባለ 5 ሃምሳ ሺህ። ትጥቅ ከሆነ በ2,000 ፋንታ በ1,000 ነው፣ እንደ መደበቅ እንደ መዝለል ያለ ችሎታ ከሆነ ደሞ በ100 ብቻ። ለምን በራሱ ይባዛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ፣ ባለ 20 ዳይስ ላይ እያንዳንዷ 1 ያው 5 ፐርሰንት ናት አይደል፣ ታዲያ ሶስተኛዋ 1 ከመጀመሪያዋ ለምን ትወደዳለች? ነገሩ ተጫዋች ሁሉንም ወርቁን አንድ ነገር ላይ እንዳይከምር ነው። አንዱ ልጅ ብሩን በሙሉ ጎራዴው ላይ ካፈሰሰ እሱ የመታው ጭራቅ ሁሉ ባንዴ ይወድቃል፣ እሱን የሚችል ጭራቅ ካመጣህ ደሞ ሌሎቹ ተጫዋቾች ምንም ማድረግ አይችሉም። ዋጋው ሽቅብ ሲሄድበት ግን ትንሽ ለጎራዴ፣ ትንሽ ለጫማ፣ ትንሽ ለቀለበት እያለ ይበትነዋል። በጣም ጎበዝ ሰው ነው ያሰበው እላለሁ እኔ፣ ይሄኛው ፎርሙላ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ሁለተኛው ላይ ነው፣ ስፔል ማለትም አስማተኛ የሚሰራውን አንድ አስማት እቃ ውስጥ ስታስገባ። የስፔሉን ሌቭል ትወስዳለህ፣ በአስማተኛው ሌቭል ታባዛለህ፣ ከዛ እንደ እቃው አይነት ታበዛለህ፣ አንዴ ተጠጥቶ የሚያልቅ መድሃኒት ከሆነ በ50፣ 50 ጊዜ የሚሰራ በትር ከሆነ በ750፣ ቃል ተናግረህ የምታስነሳው ከሆነ በ1,800፣ ሁሌ የሚሰራ ከሆነ በ2,000። በቀን ይሄን ያህል ጊዜ ብቻ ብለህ ከገደብከው ደሞ ይቀንሳል፣ በቀን አንዴ ከሆነ ለ5 ይካፈላል። በቀን አምስት ጊዜ የሚሰራ እቃና እንዳሻህ የሚሰራ እቃ ዋጋቸው እኩል ነው ማለት ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ፎርሙላውን የጻፉት ሰዎች አንድ ቀን ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ የሚያስፈልግ ነገር የለም ብለው አስበዋል። ለውጊያ ልክ ናቸው፣ ለሌላው እናያለን።

መጽሐፉ ላይ አንድ ካባ አለ፣ በቀን አንዴ ከቆምክበት ጠፍተህ ራቅ ያለ ቦታ የምትገኝበት፣ ዋጋው 10,080 ወርቅ ነው። ልጅ ሆኜ ሳየው ይቺ 80 ምንድናት እል ነበር፣ ማን ነው ነጋዴው 80 ጨምሮ የሚሸጥ? ከዛ አስሉት፣ ስፔሉ ሌቭል 4 ነው፣ አስማተኛው 7፣ 28፣ በ1,800 ሲባዛ 50,400፣ ለ5 ሲካፈል 10,080። እንዲህ አይነት ያልተጠጋጋ ቁጥር ያለው እቃ ስታዩ በቀጥታ ከፎርሙላ የወጣ ነው፣ ድፍን ቁጥር ካያችሁ ደሞ ብዙ ጊዜ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ኧረ ይሄ አይሆንም ብሎ በእጁ አስተካክሎታል።

አሁን ፎርሙላው የሚሰበርበት ጋ እንሂድ። ትንሿ የፈውስ ስፔል አለች ሁላችሁም የምታውቋት፣ ሌቭል 1፣ አንዴ ስትሰራ በአማካይ 5 ከግማሽ ነፍስ ትመልሳለች፣ ነፍስ የምንለው ካራክተሩ ሲመታ የሚቀነስበትን ቁጥር ነው። በትሯ 750 ወርቅ ናት 50 ጊዜ ትሰራለች፣ ስለዚ በ750 ወርቅ ወደ 275 ነፍስ ገዛህ ማለት ነው፣ ጥሩ ገበያ ነው፣ ማንም ቡድን ያለሷ አይወጣም። አሁን አንዱ ብልጥ ተጫዋች ይመጣና ጋሼ እኔ በትር አልፈልግም፣ ቃል ስናገር እንዳሻኝ የምትሰራ ቀለበት ስራልኝ ይላል፣ 1 በ1 በ1,800 ስለዚ 1,800 ወርቅ፣ ፎርሙላው ነው ያለው። በጌሙ አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው፣ ደቂቃ ውስጥ አስር ጊዜ ተናገረ፣ 55 ነፍስ፣ በአምስት ደቂቃ የበትሯን የእድሜ ልክ ስራ ጨረሰ፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ በነጻ ነው ለዘላለም። ከውጊያ በኋላ ማን ቆሰለ፣ ነገ እንቀጥል ወይስ እንመለስ፣ የሚባለው ጭንቀት በሙሉ ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ፣ በ1,800 ወርቅ!

ሌላ ደሞ፣ አስማተኞች የሚለብሷት የማትታይ ጥሩር አለች፣ መከላከያ ላይ 4 ትጨምራለች፣ ሌቭል 1 ናት፣ ሁሌ የምትሰራ አድርገህ ብታሰላት 2,000 ወርቅ ትመጣለች፣ ግን እዛው መጽሐፍ ውስጥ ልክ ይሄንኑ 4 የሚሰጥ አምባር 16,000 ነው የሚሸጠው። ስምንት እጥፍ! አንዱ ስፔል አለች ደሞ ለአንድ ምት ብቻ 20 የምትጨምር፣ እሷን ሁሌ የምትሰራ ቀለበት ብታደርጋት በፎርሙላው 2,000 ናት፣ በጎራዴው ስሌት ግን 20 በ20 በ2,000፣ ስምንት መቶ ሺህ። ይሄን ቀልድ መድረክ ላይ የማያነሳ ዲኤም የለም።

ህጉን የጻፉት ሰዎችም ይሄን ያውቁታል፣ መጀመሪያ ዋጋው ከታወቀ ተመሳሳይ እቃ ጋር አወዳድር፣ ካጣህ ብቻ ፎርሙላውን ተጠቀም ነው የሚሉት። ሰው ግን ሰንጠረዡን ብቻ ስክሪንሹት አድርጎ ይዞ ይመጣል።

የኔ ሀሳብ ከዚህ አንድ እርምጃ አለፍ ይላል። ቁጥር የሚጨምር እቃን ፎርሙላው በደንብ ይተምነዋል ምክንያቱም ቁጥር ከቁጥር ጋር ይወዳደራል። ሌላ ግን አንድን ችግር ከጠረጴዛው ላይ ጠቅልሎ የሚያነሳ እቃ አለ፣ የሚያበር ጫማ ገደልን ያጠፋል፣ ገደል የሚባል ነገር ከዛ በኋላ ለዛ ቡድን ሜዳ ነው፣ ውሸት የሚያውቅ ቀለበት ማን ገደለው የሚለውን ታሪክ በሙሉ ያጠፋል፣ ውሃ የማያልቅበት ቅል በረሃን ያጠፋል። ስለዚ ዋጋ ስታወጡ ይሄ ስፔል ሌቭሉ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት ይሄ እቃ የእኔ ካምፔይን ማለትም የምመራው ታሪክ ውስጥ የትኛውን ችግር ነው የሚያጠፋው ብላችሁ ጠይቁ፣ ያ ችግር ደሞ ወደፊት ስንት ጊዜ ይመጣል? የምትመሩት ታሪክ አፋር በረሃ ውስጥ ከሆነ ቅሉ ውድ ነው፣ ሐይቅ ዳር ከሆነ ማንም አይገዛውም። ሁለት ዲኤሞች ለአንድ እቃ ሁለት ዋጋ ቢያወጡ አንዳቸው ተሳስተዋል ማለት አይደለም። አሞሌ ጨው ድሮ እንደ ገንዘብ ሲዞር ከአፋር እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር አልነበር፣ ጨው ያው ጨው ነው።

በሉ ጋቢውን እንስራ። ስሙ የሀረጎ ጋቢ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጉሙ ሲወርድ የፊትህን መኪና አታይም፣ ብርዱ ደሞ አጥንት ይገባል። ዲዛይን ሲጀመር እኔ የምለው ከአንድ ቦታ ወይ ከአንድ ሰው ተነሱ፣ ከስፔል ዝርዝር አትነሱ፣ ከዝርዝር የተነሳ እቃ የሱቅ እቃ ነው የሚመስለው። ጉምና ብርድ ካልን ሶስት ነገር ይሰራል ማለት ነው፣ ለባሹን ብርድ አይነካውም፣ በቀን ሶስት ጊዜ ዙሪያውን ጉም ያስነሳል፣ በቀን አንዴ ደሞ ለባሹ ራሱ ጉም ይሆናል።

ብርዱ፣ ከሙቀትም ከብርድም የሚጠብቅ ሌቭል 1 ስፔል አለ፣ ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ድረስ አትቸገርም። እኔ ሙቀቱን ቆረጥኩት፣ ጋቢ ለብሶ ባቲ ገበያ የሚሄድ ሰው ላቡ መፍሰስ አለበት። ስፔሉ 24 ሰአት ስለሚቆይ ሁሌ የሚሰራ ሲሆን ዋጋው በግማሽ ይቀንሳል፣ 1,000 ወርቅ። ጉም ማስነሳቱ ሌቭል 1፣ በቃል፣ 1,800፣ በቀን ሶስቴ ስለሆነ 1,080። ራሱ ጉም መሆኑ ሌቭል 3 ነው፣ አስማተኛው 5፣ 15 በ1,800 ሲባዛ 27,000፣ በቀን አንዴ 5,400። አንድ እቃ ላይ የተለያየ ነገር ስትጭን ደሞ ውዱ እንዳለ ይሆንና ርካሾቹ በአንድ ከግማሽ ይባዛሉ፣ ምክንያቱም አንድ ትከሻ ላይ ሶስት እቃ እንደማስቀመጥ ነው። 5,400 እና 1,500 እና 1,620፣ ድምሩ 8,520 ወርቅ።

ፎርሙላው እዚህ ጋ ጨረሰ፣ እኛ አሁን ነው የምንጀምረው።

ጉም መሆን ምን ያደርጋል? ትበራለህ ግን በዙር አስር ጫማ ማለትም 3 ሜትር ገደማ ብቻ፣ አስር ደቂቃ ይቆያል፣ በየዙሩ አንዴ ብቻ ሲንቀሳቀስ ብታሰሉት ወደ 300 ሜትር ነው፣ ስለዚ ማምለጫ አይደለም፣ ማንም ኤሊ ይደርስብሃል። መምታት አትችልም፣ ቃልና እጅ የሚፈልግ ስፔል መስራት አትችልም። ግን በቁልፍ ቀዳዳ ትገባለህ። በር፣ መስኮት፣ እስር ቤት፣ የንጉሥ ግምጃ ቤት፣ በሙሉ! ይሄ ጋቢ የሚያጠፋው ችግር የተዘጋ በር ነው። የኔ ካምፔይን ቤተ መንግስት ሰብሮ መግባት ላይ የቆመ ከሆነ 8,520 ስድብ ነው፣ 15,000 እንኳን አይበዛበትም። ጫካና ተራራ ላይ ከሆነ የምንውለው ደሞ ወደ 7,000 ባወርደው ቅር አይለኝም። መድሃኒቱ ማለትም አንዴ የሚጠጣው 750 ነው የሚሸጠው፣ የጋቢው ድርሻ 5,400 ሲሆን የሰባት መድሃኒት ዋጋ ነው ማለት ነው፣ ከሰባት በላይ የተዘጋ በር የሚጠብቃችሁ ከሆነ ጋቢው ያዋጣል፣ ተጫዋቹም ይሄን ያሰላል አትጠራጠሩ።

ጉም ማስነሳቱ ላይ አልጨምርም። መጠነኛ ነፋስ በአራት ዙር ይበትነዋል፣ ጠንከር ያለ ከሆነ በአንድ ዙር። ራሱ ተፈጥሮ ገደብ አድርጎለታል፣ እንደዚህ አይነት ገደብ ነው የምወደው፣ ዲኤም ተነስቶ አይሆንም ከሚል ነፋስ ነፈሰ ቢል ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር፣ የሰውነት ቦታ። ጋቢው ትከሻ ላይ ነው የሚለበሰው፣ ትከሻ ላይ ደሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሰራው። እዛ ቦታ ላይ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ተፎካካሪ ሴቭ ላይ፣ ማለትም ከአደጋ ለመትረፍ በሚጣለው ዳይስ ላይ፣ የሚጨምር ካባ ነው፣ ባለ 1 አንድ ሺህ፣ ባለ 2 አራት ሺህ፣ ባለ 3 ዘጠኝ ሺህ። ስለዚ ተጫዋቹ ጋቢውን የሚገዛው በ8,520 ወርቅ ብቻ አይደለም፣ በየቀኑ በሚጥለው ሴቭ ላይ 3 እያጣ ነው የሚለብሰው፣ መርዝ ሲመጣ፣ የዘንዶ እሳት ሲመጣ፣ አቤት ያ ካባ ቢኖረኝ ይላል። እኔ እንደውም ይሄ ነው ጋቢውን ጥሩ እቃ የሚያደርገው እላለሁ፣ ተጫዋቹ ሲለብሰው ትንሽ ማቅማማት አለበት። ቦታ የማይዝ፣ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ጠጠር አድርጉልኝ ካለ ህጉ እጥፍ ክፈል ነው የሚለው፣ እጥፍም ሲያንስ ነው።

ቅናሽ የሚባለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆጣ። ህጉ እቃውን ለመጠቀም የተለየ ችሎታ ካስፈለገ 10 ፐርሰንት፣ የአንድ ሙያ ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ ደሞ 30 ፐርሰንት ቀንስ ይላል። ተጫዋቹ ታዲያ እኔ አስማተኛ ነኝ፣ ጋቢው ለአስማተኛ ብቻ ይሁንልኝ ይላል፣ 8,520 ወደ 5,964 ወረደ። ምን አጣ? ምንም! እሱ እንደሆነ አስማተኛ ነው፣ ጋቢውን ለማንም ሊያውስ አላሰበም። ገደብ ዋጋ የሚቀንሰው ገዢውን ራሱን ሲቆነጥጠው ብቻ ነው። ጋቢው ጉም የሚሆነው ለባሹ ብቻውን ሲሆን ነው፣ ሰው እያየው አይሰራም ብትለው ያኔ ቀንስለት፣ ምክንያቱም ጠባቂው ፊቱ ቆሞ እያለ ሲያስፈልገው አይሰራም። ይህን በተመለከተ ሰው ገበያ ላይ እንደሚከራከረው ተከራከሩ፣ ተጫዋች የሚጠራውን የመጀመሪያ ዋጋ የሚቀበል ዲኤም ሁሌ ይበላል።

ደሞ ማን ነው የሚገዛው? በ3.5 አምስተኛ ሌቭል ላይ ያለ ካራክተር ጠቅላላ ሀብቱ 9,000 ወርቅ ገደማ ነው ተብሎ ይታሰባል፣ ሰባተኛ ላይ 19,000፣ አስረኛ ላይ 49,000። ጋቢው የአምስተኛ ሌቭሉን ሰውዬ ራቁቱን ያስቀረዋል፣ ጎራዴም ትጥቅም የለው ጋቢ ብቻ፣ ሰባተኛ ስምንተኛ ላይ ግን ልኩ ነው። ካራክተሩ ራሱ የሚሰራው ከሆነ ደሞ በግማሽ ዋጋ ነው፣ 4,260፣ ከሙሉ ዋጋው ለእያንዳንዱ አንድ ሺህ ወርቅ አንድ ቀን ይፈጃል፣ ስለዚ ዘጠኝ ቀን። እዚህ ጋ ጊዜ የሚያጥርበት ታሪክ ምሩ፣ ጠላት እየመጣ ነው በሉ፣ አለዚያ ዘጠኝ ቀን ምንም ማለት አይደለም ሁሉም ሰው ሸማኔ ይሆናል።

ይቺን ነገር ደሞ ለጨዋታም ቢሆን አስቡት፣ በህጉ 50 ሳንቲም አንድ ፓውንድ ይመዝናል። 8,520 ወርቅ ወደ 77 ኪሎ ነው! እኔ የምመራው ታሪክ የድሮ ወሎን የሚመስል አለም ላይ ስለሆነ በወርቅ ፋንታ ማርትሬዛ ነው የምንጠቀመው፣ አንዷ ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ናት፣ አንድ ለአንድ ከመነዘርናት ጋቢው 239 ኪሎ ብር ያወጣል። ስለዚ ተጫዋቾቼ ጋቢ ሊገዙ ባቲ ሰኞ ገበያ ሲወርዱ በቅሎ መከራየት ነበረባቸው፣ በቅሎ ካለ ሽፍታ አለ፣ ሽፍታ ካለ ጠባቂ ይቀጠራል፣ አንድ ሙሉ ማታ ተጫወትንበት፣ ዋጋ ራሱ ታሪክ ሆነ። ህጉ ደሞ ለየከተማው ጣሪያ አለው፣ ትልቅ የገጠር ከተማ ላይ ከ3,000 ወርቅ በላይ የሚያወጣ እቃ ተዘጋጅቶ አታገኝም፣ አነስተኛ ሲቲ ከሆነ እስከ 15,000 ይሄዳል። ስለዚ ጋቢውን የገጠር ከተማ ሱቅ ላይ ተሰቅሎ አታገኙትም ማለት ነው፣ አፈላልጋችሁ ደላላ ይዛችሁ ነው።

አምስተኛው እትም፣ እሺ። እዛ ፎርሙላ የለም። በ2014ቱ መጽሐፍ እቃው በብርቅዬነቱ ይመደባል፣ አንኮመን ከ101 እስከ 500 ወርቅ፣ ሬር ከ501 እስከ 5,000፣ ቬሪ ሬር እስከ 50,000፣ ከዛ በላይ ሌጀንደሪ። 501 እና 5,000 በመሀላቸው ያለውን ገደል እናንተው እዩት፣ ይሄ ዋጋ አይባልም። በ2024ቱ ቁርጥ አድርገውታል፣ ሬር 4,000 ነው ብለዋል። ጋቢያችን ሬር ነው ምክንያቱም ጉም የሚያደርገው መድሃኒትም ቅድም ያልናት ከቆምክበት የምታጠፋህ ካባም እዛ ሬር ናቸው። አምስተኛው እትም ላይ እውነተኛው ገንዘብ ግን አቱንመንት ነው፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ መተሳሰር የሚችለው ከሶስት እቃ ጋር ብቻ ነው፣ ስለዚ ወርቁን ተዉትና ጋቢው ከሶስቱ አንዷን ይወስዳል ወይስ አይወስድም የሚለውን ወስኑ። እኔ ይወስዳል ባይ ነኝ።

ጥያቄ ያላችሁ... እሺ እህቴ።

ጥያቄዋን ልድገመው ከኋላ ያላችሁ እንድትሰሙ። ጀበና ብሰራስ ነው ያለችው፣ አቦል ቶና በረካ እያንዳንዱ ስኒ የተለየ ነገር የሚሰጥ፣ ለቡድኑ በሙሉ፣ ስንት ያወጣል? ማሻአላህ፣ ይሄ ከጋቢው ይበልጣል።

ጥሩ ነገር ያመጣችው ምንድነው፣ ፎርሙላው ስፔሉ ስንት ሰው ጋ እንደሚደርስ በደንብ አያይም። አንድ ሌቭል 2 ስፔል አለ ሶስት ነገር የሚሰጥ፣ ትንሽ ትርፍ ነፍስ፣ ፍርሃት ላይ 1፣ ምት ላይ 1። ለሶስት ስኒ የተሰራ ነው የሚመስለው፣ አቦሉ ነፍሱን፣ ቶናው ፍርሃቱን፣ በረካው ምቱን። ይሄ ስፔል ለአንድ ሰው ነው፣ በመድሃኒት 300 ወርቅ ነው፣ በቀን አንዴ በቃል የሚሰራ እቃ ብታደርጉት 2 በ3 በ1,800 ለ5 ሲካፈል 2,160 ይመጣል። ይሄ ወለሉ ነው። ጣሪያው ደሞ፣ ሌቭል 6 የሆነ ትልቅ ግብዣ የሚያዘጋጅ ስፔል አለ፣ አንድ ሰአት ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ፣ 12 ሰአት ሙሉ ትርፍ ነፍስ አላችሁ፣ ምት ላይ 1፣ መርዝም ፍርሃትም ጨርሶ አይነካችሁም፣ በሽታም ይለቃችኋል። በቀን አንዴ ቢሰላ 6 በ11 በ1,800 ለ5፣ 23,760። ጀበናው በ2,160 እና በ23,760 መሀል የሆነ ቦታ ነው።

መሀሉን እንዴት ታገኙታላችሁ? ጠረጴዛው ላይ ስድስት ሰው ካለ 2,160 በስድስት 12,960 ነው። ግን ያ ስፔል የሚቆየው ሶስት ደቂቃ ነው፣ ቡና ለሶስት ደቂቃ አይፈላም፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን መቆየት አለበት አለዚያ ዲዛይኑ ራሱ ውሸት ነው፣ ስለዚ ይወደዳል። ወደ ታች የሚጎትተው ደሞ፣ አንድ ሰአት መቀመጥ አለባችሁ፣ ሳይቆላ አይጀመርም፣ ቶናው ላይ ጠላት መጥቶ ተነስታችሁ ከሄዳችሁ በረካው ቀረ ማለት ነው፣ አቦሉ ብቻውን ነው የሚቀራችሁ። ጀበናው ደሞ ሸክላ ነው፣ በቅሎዋ ከተሰናከለች አለቀለት። ቡና የማይጠጣ ካራክተር አለኝ የሚል ካለ ይጠጣል፣ ድርድር የለም። ይሄን ሁሉ ደማምሬ እኔ 12,000 እላለሁ። ችግሩን ደሞ አስቡ፣ ጀበናው ምንም ችግር ጨርሶ አያጠፋም፣ ትንሽ ትንሽ ነው የሚያቀለው፣ ስለዚ ከጋቢው ያነሰ ነው የምፈራው ዋጋው ቢበልጥም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደሞ ተጫዋቾቹ አንድ ሰአት ቁጭ ብለው ይጨዋወታሉ፣ ካራክተሮቹ ማለቴ ነው፣ እርስ በርስ የሚያወሩበት ምክንያት አገኙ፣ ለዲኤም ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

አንድ ሌላ ጥያቄ፣ እዚህ ጋ ወንድሜ። ዋጋ አውጥተን ከሸጥን በኋላ እቃው ከገመትነው በላይ ቢሆንስ?

እኔ አዲስ እቃ ባንዴ አልሸጥም። ነጋዴው ያውሳቸዋል። ባቲ ላይ ያለ ሽማግሌ ነጋዴ ጋቢውን መያዣ ተቀብሎ ይሰጣቸዋል፣ ፈረሳቸውን ወይ ጎራዴያቸውን ያስይዛሉ፣ ጥቂት ሴሽን ተጫውተውበት ሲመለሱ ነው ዋጋ የሚቆርጠው፣ በዛ መሀል እኔ ስንት በር እንደገቡበት አይቻለሁ። ከጠነከረ ዋጋው ይወጣል፣ ማንም አጭበረበርከኝ አይልም ምክንያቱም ገና አልገዛም። ሳታስቡት ሸጣችሁ ከቸገራችሁ ደሞ ለተጫዋቹ በግልጽ ንገሩት፣ ይሄ እቃ ጨዋታውን እየበላብን ነው፣ ወርቅህን ልመልስልህ ወይ በቀን አንዴ የነበረውን በሳምንት አንዴ እናድርገው ብላችሁ ምረጥ በሉት። ሌባ ልኮ ማሰረቅ የሚባለውን ዘዴ ተዉት፣ ተጫዋቹ ወዲያው ያውቅባችኋል፣ ሁለተኛ የምትሰጡትን እቃ አያምንም።

በሉ ዳይስ ያላችሁ አውጡ፣ የሌላችሁ ስልክ ላይ አፑ አለ። ጀበናውን በስድስት ሰው አንድ ውጊያ እንሞክረውና 12,000 በዝቶ ከሆነ እዚሁ እንቀንሰዋለን።